ገብሱ የት ገባ?

አንድ ፈረሱን የሚወድ ገበሬ ነበር፤ ፈንታሁን ይባላል። የደጋ ሰው ነው፤ ገብስና ድንች ያመርታል፣ ጥቂት ላሞችም አሉት። አፉን ሞልቶ የሚያወራው ግን ስለ ዳማ ፈረሱ ነበር። ገበያ ሲወርድ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ሰርግ ሲጠራ የሚሄደው በእሱ ላይ ነው። አገሬውም ከሩቅ ፈረሱን ለይቶ ነው «ፈንታሁን መጣ» የሚለው።

ፈረሱን የሚንከባከብለት ጫንያለው የሚባል ጎልማሳ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብሮት ኖሯል። ጠዋት ጋጣውን ይጠርጋል፣ ውሃ ያጠጣል፣ ሰኮናውን እያነሳ የተሰነቀረ ጠጠር ይፈልጋል፣ ከሥራ መልስ ገብሱን በቁና ለክቶ ይሰጣል። የጎተራው ቁልፍም በእሱ እጅ ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ፈረሱ መክሳት ጀመረ። መጀመሪያ ጎኑ ሟሸሸ፣ ቀጥሎ ጎድኑ መቆጠር ጀመረ፣ ፀጉሩም ወዙን አጣ። ፈንታሁን «ዝናቡ ጎድቶት ነው፤ ፀሐይ ሲያይ ያገግማል» አለ። መስከረም ጠባ፣ ጥቅምት ገባ፤ ፈረሱ አላገገመም። ገብሱ ግን በየቀኑ ከጎተራው ይወጣል።

ፈንታሁን ነገሩን ያውጠነጥን ጀመር። ገብሱ ይወጣል፤ ፈረሱ ይከሳል፤ በመካከል ያለው ጫንያለው ብቻ ነው። ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባበት በኋላ ያየው ሁሉ ማስረጃ ሆነለት። ጫንያለው ለልጆቹ ልብስ ሲገዛ «ከየት አምጥቶ?» አለ። ዝም ሲል «ምን ደብቆ?» አለ። ሲስቅ ደግሞ ይበልጥ ጠረጠረው።

ኅዳር ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ለውቂያ በተሰበሰበበት አውድማ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ጫንያለው! የፈረሴን ገብስ የት ነው የምትወስደው?»

ሰው ሁሉ መንሹን እንደያዘ ቀጥ አለ።

«የት እወስደዋለሁ ጋሼ? ለፈረሱ ነው የምሰጠው።»

«ብትሰጠው ኖሮ እንዲህ አጥንቱ ይወጣ ነበር?»

«እኔንም ግራ ገብቶኛል። እሰጠዋለሁ፣ ይበላል፣ ይከሳል። ያየሁትን ነው የምነግርዎት።»

«ቁልፉን አምጣ!»

ጫንያለው ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠው። ከዚያም የማንንም ፊት ሳያይ በእርሻው ጥግ ጥጉን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈንታሁን ፈረሱን በራሱ እጅ መመገብ ያዘ። አንድ ቁና የነበረውን አንድ ተኩል አደረገው። ግርግሙ አጠገብ ቆሞ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ፈረሱ ጭራሽ ባሰበት። ያን ጊዜ የፈንታሁንን ልብ አንድ ነገር ቆረቆረው። አሁን ገብሱን የሚሰጠው ራሱ ነው፤ የሚሰርቅ ሰው የለም። ግን ሐሳቡን ገፋው። «የተጎዳ ፈረስ በሁለት ሳምንት አይሞላም» አለ ለሚስቱ ለይታይሽ። እሷም «ጫንያለው ግን…» ብላ ስትጀምር «ስሙን አታንሽብኝ!» ብሎ ተነሣ። እሷ የተቆጣ መሰላት። እሱ ግን ፈርቶ ነበር።

አንድ ቀን ገበያ ሊወርድ ሲጭን ኮርቻው አልቆም አለ። ጠፍሩን መጨረሻው ቀዳዳ ድረስ ቢስበውም ይላላል፤ ሲጋልብም ኮርቻው እየተንሸራተተ የፈረሱን ጀርባ ላጠው። ፈንታሁን ወርዶ ፈረሱን እየሳበ ኮርቻ ሠሪው ሽማግሌ ዘንድ ሄደ። አባ ዳምጤ ይባላሉ፤ በዚያ አካባቢ የእሳቸው እጅ ያልነካው ኮርቻ አልነበረም።

«አባ ዳምጤ፣ ኮርቻው ሰፍቶበታል፤ ያጥብቡልኝ።»

ሽማግሌው ኮርቻውን ዞር አድርገው እንኳ አላዩትም። «ኮርቻውስ እንደ ሠራሁት ነው። ያነሰው ፈረስህ ነው። እሱን ትቼ ይህን ባጠብብ፣ በወሩ ደግሞ ያጥብቡልኝ ብለህ ትመጣለህ» አሉት።

ከዚያም አንድ እፍኝ ድርቆሽ ፈረሱ ፊት በተኑና ዱካቸው ላይ ተቀመጡ። ዝም ብለው ያዩታል። ፈንታሁንም አብሮ አየ። ፈረሱ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አጋድሎ በዝግታ ያኝካል። ትንሽ ቆየና ከአፉ በግማሽ የታኘከ አንድ ርጥብ የድርቆሽ ድቡልቡል ጠብ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ሽማግሌው አንዱን አንስተው ፈንታሁን መዳፍ ላይ አኖሩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ድርቆሽ ነው።»

«ሆዱ ገብቷል?»

«አልገባም» አለ ፈንታሁን ቀስ ብሎ።

አባ ዳምጤ ፈረሱ የጣለውን ፋንድያ በእንጨት ፈረካከሱት። ውስጡ ገብስ ነበር፤ ያልደቀቀ፣ ፍሬው ሙሉ የሆነ ገብስ።

«ገብስህ ይኸውልህ። ወስደህ ብትዘራው ይበቅልልሃል።»

ፈንታሁን ጎንበስ ብሎ ፍሬዎቹን በጣቱ ለቀመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከዚያ በላይ መቁጠር አቃተው። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለውን ሰው ሌባ ያሰኘው ገብስ እጁ ላይ ነበር። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ምን ሆኖ ነው አባ?»

«መንጋጋው ነው። የፈረስ ጥርስ እያደገ ይሄዳል፤ ሲያኝክ ደግሞ ይሞረዳል። እኩል ሳይሞረድ ሲቀር ጠርዙ ስለት ያወጣል። ጉንጩንና ምላሱን ይቆርጠዋል። ስለሚያመው ወይ ይተፋል፣ ወይ ሳያደቅ ይውጣል።»

«ታዲያ ይሞታል?»

«ለምን ይሞታል? ይድናል እንጂ! ግን እኔ የቆዳ ሰው ነኝ፤ አንተም እጅህን አፉ ውስጥ እንዳትከት። ከተማ የእንስሳት ሐኪም አለች። ዛሬውኑ ውሰደው፤ እንዳትጋልበው።»

ፈንታሁን ከተማ ድረስ በእግሩ ሄደ። ሐኪሟ ፈረሱን የሚያረጋጋ መድኃኒት ወጋችውና አፉን በብረት ደግፋ ከፈተች፤ ባትሪም አብርታ አሳየችው። የጉንጩ ውስጥ ተልጦ ቆሳስሏል።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«አሥራ አራት።»

«እስከ ዛሬ አፉን ያየለት ሰው አለ?»

«ልጓም ስናስገባ በየቀኑ…»

«ልጓም ማስገባት ማየት አይደለም» አለችው፤ ሳትቆጣ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች። በረጅም ሞረድ ስለቱን አስተካከለችና መከረችው። ቁስሉ እስኪሽር ገብሱን ከክቶ፣ በውሃ አርሶ እንዲሰጠው፤ ድርቆሹንም ከለስላሳው እንዲመርጥለት ነገረችው። «ተርቦ ከርሟል ብለህ ባንድ ጊዜ እንዳታበዛበት፤ ሆዱን ይቆርጠዋል። ቀስ በቀስ ጨምርለት። ውሃ ከፊቱ አይጥፋ። ጀርባው እስኪድን ኮርቻ አታስነካው። ከእንግዲህ በየዓመቱ አንድ ጊዜ አፉን አሳየው።»

ፈንታሁን የተባለውን አንድም ሳያጎድል አደረገ። በየጠዋቱ ፋንድያውን እየፈረካከሰ ያያል። ሳምንት ሲሞላ ያልደቀቀ ፍሬ የሚባል ጠፋ። በዘጠነኛው ቀን ፈረሱ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ግርግሙን በአፍንጫው እየገፋ ድርቆሹን ሲያደቀው ሰማ። ፈንታሁን የጋጣውን ቋሚ ተደግፎ ያን ድምፅ አዳመጠ፤ ለወራት ደረቱ ላይ ተጭኖት የነበረው ነገር ሲቀልለው ተሰማው።

ግማሹ ብቻ ነበር የቀለለው። ጫንያለው ዘንድ ያልሄደው «መጀመሪያ እርግጠኛ ልሁን» በሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር እግሩ አልነሣ ብሎት ነው። በዚያ ጠዋት ግን ጋቢውን ደርቦ ወጣ።

ጫንያለው ጓሮው ውስጥ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ፈንታሁንን ሲያይ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተከለና ቆመ።  መጀመሪያ የተናገረው ጫንያለው ነበር።

«ፈረሱ ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም፤ ድኗል» አለ ፈንታሁን። ቀጥሎም ሁሉንም ነገረው፤ የሚተፋውን ድርቆሽ፣ ፋንድያውን፣ የጥርሱን ስለት። «አንተ ንጹሕ ነህ። የበደልኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ጫንያለው ግንዱ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «እኔ እኮ ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር ጋሼ» አለ። «የሰጠሁት እየመሰለኝ ረስቼው ይሆን እያልኩ ነበር። ለካስ እሰጠው ነበር!» ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀበት።

ቆይቶ ቀና አለ። «ይቅር ብያለሁ። ግን ስሜን ያጠፉት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። እዚህ ጓሮ ውስጥ ብቻ ቢመልሱልኝ ልጆቼ አይሰሙትም።»

«እሑድ» አለ ፈንታሁን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳይወጣ፣ ፈንታሁን በአውድማው የተናገረውን ያህል ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። «ጫንያለው አንዲት ፍሬ አልነካም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ፊቱ በእፍረት ይነድ ነበር፤ ተናግሮ ሲጨርስ ግን ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው መሰለ። የጫንያለው ታናሽ ሴት ልጅ የአባቷን እጅ ይዛ ቀና ብላ አየችው። ሽማግሌዎቹም እየመጡ የጫንያለውን ትከሻ ሳሙ። ጫንያለው ለሌላ ሰው የጀመረውን የካብ ሥራ ጨርሶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ጋጣው ተመለሰ። በዓመቱ የፈረሱን ጥርስ ያሳዩት ሁለቱ አብረው ሄደው ነው።

ይህን ታሪክ የምትሰሙ ሁሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፈንታሁን ፈረሱን አልነፈገውም፤ በቁና ለክቶ ሰጥቶታል። የጎደለው፣ የሰጠው ነገር መድረሱን ማየት ነበር። ያንን ሳያይ ሌባ ፍለጋ ሄደ፤ በዚህም ፈረሱን ለሞት አቀረበ፣ ሰውን ለውርደት ዳረገ። እንስሳ ላላችሁ ምክሩ ቀላል ነው፦ ሲከሳባችሁ መኖ ከመጨመራችሁ በፊት አፉን አስመርምሩ፣ ፋንድያውንም እዩ። ለሰውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ለልጃችን ምክር፣ ለትዳር ጓደኛችን ገንዘብ፣ ለወዳጃችን ቃል ሰጥተን «ሰጥቻለሁ እኮ!» እንላለን። ተቀባዩ የሚያኝክበት ቦታ ቆስሎ እንደሆነስ? እስቲ ዛሬ ከቤታችሁ ሁሉ ነገር ተሰጥቶት የሚከሳው ማን ነው? በእሱስ ምክንያት ያለ ጥፋቱ የወቀሳችሁት ሰው ይኖር ይሆን?