ደጁ ላይ ዋንዛ ያለው ሰው

አንዲት ወጣት ጥያቄ ይዛ ወደ ድሮ አስተማሪዋ ቤት መጣች። ስሟ ማህደር ነው። ሥራዋ ዘፋኞችን ማስተዋወቅ ነው። ዘፋኟ መቼ ትታይ፣ መቼ ትጥፋ፣ ምን ለብሳ ትውጣ፣ ምን ሳትናገር ትቅር፣ ይህን ሁሉ የምታስበው እሷ ናት። አስተማሪዋ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ሳለች አማርኛ ያስተማሯት፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ቤታቸው የሚውሉ ሴት ናቸው።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ዝም ማለት ውሸት ነው?»

«ስለ ምኑ ነው ዝም ያልሽው?»

ማህደር ነገሩን አስረዳች። የምታስተዋውቃት ዘፋኝ አዲስ ዘፈን አውጥታለች። ዘፈኑ ውስጥ አንድ ከዳተኛ አለ፤ በሩ ሰማያዊ ነው። አድማጮች ያንን በር ሲያፈላልጉ ሰነበቱና የአንድ መድኃኒት ቤት በር ነው ብለው ወሰኑ። ዘፋኟ የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት በዓይኗ አይታው አታውቅም። ልጆች ግን በሩ ፊት እየቆሙ ፎቶ ይነሣሉ፤ ቪዲዮ ይለቃሉ፤ ዘፈኑም ከታክሲ ታክሲ ይጮኻል።

«እኛ እሱ ነው አላልንም» አለች ማህደር። «አይደለምም አላልን። ዝም ነው ያልነው። በእኛ ሥራ ይሄ ዋናው ብልሃት ነው፤ ሰው የሚያወራውን ነገር ለሰው እንተውለታለን።»

አስተማሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። እንዲህ ሲሉም አንድ ተረት ጀመሩ።

አንዲት ዘፋኝ ነበረች። የምትኖረው አንድ የገበያ ከተማ ውስጥ ነው። ድምጿ አይከፋም፤ ነገር ግን በዚያው ከተማ በድምፅ የምትበልጣት ሌላ ዘፋኝ ነበረች። ያቺ ስትዘፍን ሰው ያለቅሳል፤ እንባውን ጠርጎ ሲወጣ ግን ይረሳታል። ይህችኛዋ ጥግ ቆማ ይህን ታይ ነበር። ሰው የሰጡትን ይረሳል፣ ራሱ ፈልጎ ያገኘውን ግን አይረሳም ብላ አሰበች።

ከዚያ ወዲያ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው መዝፈን ተወች። አንዲት ስንኝ በእንጥልጥል ታስቀርና ፈገግ ብላ ትወጣለች። ሰው እቤቱ ገብቶ ይጨርሰዋል፤ ራሱ ስለ ጨረሰውም ዘፈኑ የራሱ ይሆናል። በየበዓሉ የቀሚሷን ጥለት ትለውጣለች። ቀይ ከለበሰች የፍቅር ዘፈን፣ አረንጓዴ ከለበሰች የመለያየት ዘፈን እንደሚመጣ የሚያውቁት የልብ ወዳጆቿ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ይህን በማወቃቸው ይኮራሉ። ልጃገረዶች ሸማኔውን «እንደ እሷ፣ እንደ እሷ» እያሉ መቆሚያ አሳጡት። አዲስ ዘፈን ሲደርስ ደግሞ ድንገት ከከተማው ትጠፋለች። «ታማ ነው»፣ «አግብታ ነው»፣ «ኧረ መንኩሳ ነው» ሲባል ይከርምና፣ ወሬው ሲበስል ብቅ ትላለች። ያን ቀን የምትዘፍንበት ጠጅ ቤት መቀመጫ አይገኝበትም። በድምፅ የምትበልጣት ያቺ ዘፋኝ ሳትቀር መጥታ ትሰማታለች።

እስከዚህ ድረስ ምን ክፋት አለው? ምንም የለውም። ሰው እንቆቅልሽ ይወዳል፤ እሷም እንቆቅልሽ ሰጠችው።

አንድ ጊዜ አረንጓዴ ጥለት ለብሳ መጣችና እንዲህ ብላ ዘፈነች፦

«ከደጁ ዋንዛ ሥር አስቀምጦኝ ማታ፣
ጠዋት አላውቅሽም አለኝ በዝምታ።»

ዘፈነችና እንደ ልማዷ ፈገግ ብላ ወጣች።

እውነቱ ይኸውልሽ፤ ማንም አልነበረም። ከዋንዛ ሥርም ያስቀመጣት፣ ጠዋትም የካዳት ሰው የለም። ዋንዛ ያለችው ስንኙ ዛፍ ስለ ፈለገ ነው። ብሳና ብትል ይረዝምባታል።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በገበያው መንገድ ዳር፣ አንድ ኮርቻ ሠሪ ይኖር ነበር። ደጁ ላይ አባቱ የተከለው ትልቅ ዋንዛ አለ። ገበያተኛ ሸክሙን አውርዶ ከጥላው ያርፋል፤ ሚስቱም ውሃ በቅል ይዛ ትወጣለች። ሰውየው ብዙ አይናገርም። እጁ ቆዳ ይሰፋል፣ ጆሮው የመንገደኛውን ወሬ ይሰማል፤ ኑሮው ይኸው ነው። ዘፋኟን የሚያውቃት እንደ ማንኛውም ሰው፣ በሩቁ ነው።

«ደጁ ዋንዛ ያለው ማነው?» አለ አንድ ነጋዴ ጠጅ ቤት ተቀምጦ።

«ያ ኮርቻ ሠሪ ነዋ!»

«ኤዲያ! ያ ከንፈሩ የተሰፋ ሰውዬ?»

«እሱማ ነው እንጂ! ‘አለኝ በዝምታ’ አላለችም? ከዚያ ሰውዬ በቀር በዝምታ የሚናገር ማን አለ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ነገሩ በዚያው ተፈረደ። የሰውየው ጨዋነት ማስረጃ ሆነበት።

ወሬው ከጠጅ ቤት ወደ ምንጭ ወረደ። ሚስቱ እንስራዋን አዝላ ስትደርስ ሴቶቹ ዝም ይላሉ፤ ቀድታ ጀርባዋን ስትሰጣቸው ያቺኑ ስንኝ ያንጎራጉራሉ። አንዷማ «እህቴ፣ ማታ ማታ ከዋንዛው ሥር ብርድ የለም?» ብላ ጠየቀቻት።

ሰውየው ሥራውን አስቀምጦ ወደ ዘፋኟ ቤት ሄደ።

«እህቴ፣ ታውቂኛለሽ?» አላት።

«ኧረ አላውቅህም።»

«እንግዲያስ ይህችኑ በሰው ፊት በይልኝ። አላውቀውም በይ፣ ሌላ አልጠይቅሽም። ሚስቴ ከምንጭ እያለቀሰች እየተመለሰች ነው።»

ልብ በይ፤ በዚያ ቀን ወሬው ከአንድ ጠጅ ቤትና ከአንድ ምንጭ አልወጣም ነበር። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። ዘፋኟ ግን አሰበች። እሱ አይደለም ብል፣ ታዲያ ማነው ይሉኛል። ማንም አይደለም ብል፣ እንቆቅልሹ ባዶ እንደ ነበረ ያውቃሉ፤ ነገ ማን ይፈልገዋል? ደግሞ ዘፈኑ ገና እየሞቀ ነው። ይህን ሁሉ አሰበችና እንዲህ አለችው፦

«ወንድሜ፣ እኔ መቼ ስምህን ጠራሁ?»

ሰውየው ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ። እውነቷን ነበር። ስሙን አልጠራችም።

ከዚያ በኋላ ዘፈኑ በሠርግ ላይ ተዘፈነ። ከሌላ ወረዳ የሚመጡ ነጋዴዎች «የቱ ነው ዋንዛው?» እያሉ መንገዳቸውን አጠማዘዙ። ጎረምሶች ማታ ማታ እየመጡ ከሥሩ ይቀመጡና፣ ጠዋት አላውቅሽም እየተባባሉ ይስቃሉ። ሚስቱ እስክትችል ቻለች። በመጨረሻ ልብሷን ቋጠረች።

«እኔ አምንሃለሁ» አለችው። «አንተን ማመኑ አልከበደኝም። የከበደኝ ውሃ መቅዳቱ ነው።»

ወደ ወንድሟ አገር ሄደች። በማግሥቱ ኮርቻ ሠሪው መጥረቢያ አውጥቶ የአባቱን ዋንዛ ቆረጠው።

ዛፉ ቢጠፋ ወሬውም የሚጠፋ መስሎት ነበር። ሰዎች ግን ጉቶውን አይተው «አላልናችሁም?» አሉ። «እሱ ባይሆን ለምን ይቆርጠዋል?»

በገበያ ቀን ዘፋኟ በዚያ መንገድ አለፈች። መንገደኞች እንደ ልማዳቸው ሊያርፉ መጥተው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለዋል። አንዲት አሮጊት ሸክሟን ከጉቶው ላይ አስደግፋ በነጠላዋ ጫፍ ራሷን ሸፍናለች፤ ከነጠላዋ ሥርም ያንን ስንኝ ታንጎራጉራለች። በቅል ውሃ ይዞ የሚወጣ የለም። ኮርቻ ሠሪው በሩን ገርበብ አድርጎ ውስጥ ይሰፋል። ዘፋኟ ቆማ ጉቶውን አየችው። ቁርጡ ገና ነጭ ነበር።

በዚያው ሳምንት ጠጅ ቤት ገባች። ጥለት የሌለው ነጭ ለብሳ ነበር። ማሲንቆውን አስቆመችና «ስሙኝ» አለች። «ኮርቻ ሠሪው አይደለም። ሰውየውን አላውቀውም። ማንም አልነበረም። ዋንዛ ያልኩት ስንኙ ዛፍ ስለ ፈለገ ነው።»

ተናግራ ስትጨርስ፣ ከእፍረት ይሁን ከልማድ፣ ፈገግ አለች።

ቤቱ በእልልታ ደመቀ።

«አያችሁልኝ! እስካሁን ትወደዋለች!»

«ዛፉን ስለ ቆረጠላት ማረችው!»

«ነጭ ለብሳለች እኮ! ነጭ እርቅ ነው፣ እኔ ድሮም ብያለሁ!»

«አይደለም!» አለች። «እመኑኝ እንጂ!» እነሱ ግን እንደ አዲስ ዘፈን አጨበጨቡላት። በእነሱ አይፈረድም። የምለው ሌላ፣ የማስበው ሌላ ብላ ስንት ዘመን ያስተማረቻቸው እሷ ናት። የተማሩትን መለሱላት።

ጠዋት ተነሥታ በእግሯ የሰውየውን ሚስት ፍለጋ ሄደች። አግኝታም እግሯ ላይ ወደቀች፤ ሁሉንም ነገረቻት፤ ወደ ቤትሽ ተመለሺ ብላ ለመነቻት። ሴትዮዋ አንሥታ አስቀመጠቻት። ሰምታት ስትጨርስም እንዲህ አለቻት፦

«እኔ ባሌን ድሮም አምኜዋለሁ። ከቻልሽ ምንጩን አሳምኚልኝ።»

ዘፋኟ ያንን ዘፈን ከዚያ ወዲህ አልዘፈነችውም። አገሩ ግን እስከ ዛሬ ይዘፍነዋል።

አስተማሪዋ እዚህ ላይ ንግግራቸውን ገቱና ወደ ማህደር ዞሩ።

«ዝም ማለት ውሸት ነው ወይ ብለሽኛል። ነጋዴው ተሳስቶ ነው የገመተው። ሴቶቹ የሰሙትን ነው ያንጎራጎሩት። እውነቱን የምታውቀው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ዝም ያለችውም እሷው ናት። ሌላው ሁሉ ተሳሳተ፤ የዋሸችው እሷ ብቻ ናት። እናንተም እንደዚያው ናችሁ። ዋንዛው ያ ሰማያዊ በር ነው። ስለ ጥለቱም፣ ስለ መጥፋቱም፣ ስለ እንቆቅልሹም አልወቅስሽም፤ እንጀራሽ ነው፣ ሰውም ይደሰትበታል። ግን እንቆቅልሹን ሕያው ሰው ላይ የጣልሽው ቀን ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል።»

ማህደር ጣቶቿን እያፍተለተለች ቆየች።

«ቲቸር፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ ቢሮ ድረስ መጥቶ ነበር። እጮኛው ቀለበቱን መልሳለታለች።»

«ምን አላችሁት?»

«እኔ ነኝ ያነጋገርኩት።» ቀና ብላ ማየት አቃታት። «የማንንም ስም አልጠራንም አልኩት።»

አስተማሪዋ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አንሥተው አደረጉ።

«በሩን ሌላ ቀለም ቀብቶታል?»

«አልቀባውም። ዛሬ ጠዋትም በዚያ ሳልፍ ሰማያዊ ነበር።»

«እንግዲያው ዋንዛው ገና ቆሟል። ቀቢ ሳይጠራ ድረሺለት፤ ተነሺ» አሉ። «ደግሞ ስትናገሪ ፈገግ እንዳትዪ።»