የመደርደሪያው ኩባያዎች

ሥራ አስኪያጁ አቶ መሸሻ፣ ሠራተኛው ምን ያህል ሥራ ለመልቀቅ እንደሚያስብ ልለካ ብለው መጠይቅ አዘጋጁ። «ስም አይጻፍበትም፣ አትፍሩ» አሉና እያንዳንዱን ፊታቸው አስቀምጠው አስሞሉ። ታዲያ ማን ይደፍራል? ሁሉም «የመልቀቅ ሐሳብ የለኝም» ብሎ ሞላ።

በመጨረሻ ሻይ የምታፈላው ሴት ሻያቸውን ይዛ ገባች።

«አየሽ፣ አንድም የሚለቅ የለም! በይ አንቺም ሙዪ» አሏት ደረታቸውን ነፍተው።

ሴትየዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ጌታዬ፣ የኔ መለኪያ የሻይ ቤቱ መደርደሪያ ነው። እዚህ ሰው ሲቀጠር ኩባያውን ከቤቱ ያመጣል፤ ሊለቅ ሲያስብ ደግሞ ከማመልከቻው በፊት ኩባያውን ይወስዳል።»

«እና ስንት ኩባያ ቀረ?»

«እስከ ትናንት ሁለት ነበር፣ የእርስዎና የኔ» አለች፣ ሻዩን ፊታቸው እያስቀመጠች። «የኔን ዛሬ ጠዋት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።»