ቀዩ መጥሪያ የት ገባ?

በደብረ ታቦር አካባቢ ሁለት የሥራ ባልደረቦች በጎሪጥ ሲተያዩ ያየ ሰው አንዲት አባባል ጣል ያደርግባቸዋል። ለሰሚው የገበሬ ወግ ትመስላለች፤ መነሻዋ ግን ናሁሠናይ የሚባል የኮምፒዩተር ባለሙያና አንድ የስልክ መተግበሪያ ናቸው።

ናሁሠናይ በከተማው ባለች ትንሽ ቢሮ ውስጥ የስልክ መተግበሪያ ይሠራ ነበር። በዚያን ሰሞን በእጁ የያዘው ሥራ የነፍስ ጉዳይ ነው፤ በገጠር እናት ምጥ ሲጠናባት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልኳን ከፍታ አንድ ቀይ መጥሪያ ስትነካ መተግበሪያው አምቡላንስ እንዲነሣላት ያደርጋል። ሥራውን ያዘዙት በአዋላጅነት ያረጁት ሲስተር ዘርትሁን ነበሩ። አብራው እንድትሠራ የተቀጠረችው ደግሞ ውዳላት ትባላለች።

ናሁሠናይ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ልቡ አልተቀበላትም። እሱ የስክሪኑን መልክ ለብቻው በተቀመጠ ገጽ ላይ ነው የሚጽፈው፤ ርዕሱ እዚህ፣ ሥዕሉ እዚያ፣ መጥሪያው ከታች እያለ በምልክት ያስቀምጠዋል። ማንም ባለሙያ ከፍቶ ቢያየው ይገባዋል። እሷ ግን ገጽ የሚባል ነገር አትነካም። ሁሉንም በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ ታዘዋለች፤ መተግበሪያው ሲከፈት ኮዱ ራሱ የስክሪኑን መልክ ይሠራዋል።

«ለምን ገጽ ላይ አትጽፊውም?» አላት አንድ ቀን።

«ኮዱ እንደየስልኩ ስፋት ያስተካክልልኛል። ያንተ ገጽ እኮ ትንሽ ስልክ ላይ ይቆራረጣል» አለችው፣ ዓይኗን ቀና ሳታደርግ።

መልሷ አልተዋጠለትም። ‹እሷ ብቻ የምታውቀው ቦታ ቀብራው፣ ነገ ያለ እሷ እንዳንላወስ ነው› አለ በሆዱ። ከዚያ ወዲህ ያየው ሁሉ ምስክር ሆነለት። እሱ ሲገባ ስልክ ከዘጋች ስለ እሱ ስታወራ ነበር፤ የቢሮው ሥራ አስኪያጅ ከሳቀላት የመከሩት ነገር አለ። እሷም ከኋላዋ ማለፍ ማብዛቱን ልብ ብላ ኖሮ ኮምፒዩተሯን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ይህም ለናሁሠናይ ሌላ ማስረጃ ሆነ።

ንትርካቸው የሰለቸው ሥራ አስኪያጅ በመጨረሻ አስማማቸው፤ ስምምነት ከተባለ። እሱ በገጹ፣ እሷ በኮዷ የየድርሻቸውን ይሥሩ፤ አንዱ የሌላውን አይንካ፣ አይመልከት፤ ሲያልቅ ይጋጠማል። ሁለቱም እፎይ አሉ።

ቀዩ መጥሪያ የማን ድርሻ እንደሆነ ግን ማንም አልተናገረም። ናሁሠናይ ገጹ ላይ አስቀመጠው። አስቀምጦም ተጠራጠረ፤ ‹በላዩ የራሷን ደርባ የእሱ አይሠራም ልትል ነው።› ስለዚህ ኮዱ ‹ውጣ› ብሎ እስኪያዘው ድረስ መጥሪያው ተደብቆ እንዲቆይ አደረገ። ካላዘዘችው ጥፋቱ የእሷ መሆኑ ይታወቃል። ይህን ለውዳላት መንገር ደግሞ እጅ መስጠት መሰለው።

የማስረከቢያው ቀን ደረሰና ጠዋት ሁለቱ ሥራዎች ተጋጠሙ። የቀረው ስልክ ላይ ከፍቶ መፈተሽ ነበር። ናሁሠናይ ‹ስሕተት ካለ የእሷ ነው፣ ራሷ ትፈትሽ› ብሎ ተወው። እሷም ለእሱ ተወችለት። መተግበሪያው እንዲሁ ወደየቀበሌው ተላከ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማው ራቅ ባለች ደጋ ቀበሌ አንዲት ወላድ ደም ይፈሳት ጀመር። ጥሩዓለም የምትባለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልኳን ብትከፍት ርዕሱ አለ፣ ሥዕሉ አለ፣ መጥሪያው የለም። ዘግታ ከፈተች፤ የለም። ወደ መንገዱ ሮጣ ድንች የጫነ አይሱዙ አስቆመች። ሹፌሩና ረዳቱ ጆንያዎቹን ጥለው ወላዷን ጫኑ። ሐኪም ቤት ስትደርስ እጆቿ ቀዝቅዘው ነበር። እናትም ልጅም ተረፉ፤ ግን ለጥቂት።

ሲስተር ዘርትሁን ከማዋለጃው ክፍል በቀጥታ ወደ ቢሮው መጡ። ነጭ ጋዋናቸውን እንኳ አላወለቁም።

«መጥሪያው የት ገባ?» አሉ።

«እሷን ይጠይቋት» አለ ናሁሠናይ።

«እሱን ይጠይቁት» አለች ውዳላት።

«ሁለታችሁም ክፈቱ። ጎን ለጎን ተቀመጡና አሳዩኝ።»

ናሁሠናይ የውዳላትን ኮድ ያየው ያኔ ነው። ወንበሩን አስጠግቶ የደበቀችውን ተንኮል ፈለገ። ያገኘው አንድ ትእዛዝ ነው፤ ‹በገጹ ላይ መጥሪያ ካለ የእኔን አትሥራ› ይላል።

«ለምን እንዲህ አደረግሽ?»

«መጥሪያዬን ሸፈነችብኝ ብለህ እንዳትከሰኝ ነዋ!»

ነገሩ ለናሁሠናይ ተገለጠለት። የእሱ መጥሪያ የእሷን ትእዛዝ ሲጠብቅ ተደብቋል፤ የእሷ ደግሞ የእሱ አለ ብሎ ቀርቷል።

«ሲስተር፣» አለ፣ «የደበቅሁት እኔ ነኝ። ካላወጣችው ጥፋቱ በእሷ ላይ እንዲወድቅ ብዬ ነው።»

ውዳላት አየችው፤ ቁጣዋ ፊቷ ላይ ነበር። ከዚያ ኮምፒዩተሯን ከግድግዳው መለሰችና «በል ገጽህን አንብብልኝ፣ እኔ ልጻፍ» አለችው።

ሲስተር ዘርትሁን ቀዩ መጥሪያ በስልካቸው ላይ እስኪወጣ ቆመው ጠበቁ። ወጣ፤ ነኩት፤ ከአምቡላንሱ ጣቢያ መልስ መጣ። ስልካቸውን ጋዋናቸው ኪስ ከትተው ሁለቱን በየተራ አዩአቸውና ከበሩ ላይ እንዲህ አሉ፦ «ሁለት ተጠራጣሪ ያጠረው አጥር፣ ለጅብ በር።»