በሺራናሚ ኳስ ሲወድቅ

በጃፓን ባሕር ዳርቻ ሺራናሚ የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። በሙቀቱ ወራት በሚከበረው በዓል የጎዳና ትርኢተኞች ከመቅደሱ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ይሰበሰባሉ፤ ቤተሰብም ምንጣፉን አንጥፎ፣ ልጆቹን አቅፎ ያያል። በሌላ አገር ትርኢተኛ የሚጨበጨብለት ሲሳካለት ነው፤ በሺራናሚ ግን ጭብጨባው የሚደምቀው ሲሳሳት ነው። በተዘረጋ ጃንጥላ ላይ ኳስ የሚያሽከረክረው ሰው ኳሱ ካመለጠው ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ይደገም!» ይላል። እንግዳ ሰው ሹፈት ይመስለዋል።

እንደሚነገረው፣ ድሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ዓሣ አጥማጅ መቼም በምልክት ማመን አይቀርለትምና፣ በበዓሉ ቀን ኳስ ከወደቀ ባሕሩ ዓመቱን ሙሉ ዓሣ ይነሳናል ይሉ ነበር፤ ኳስ የጣለ ትርኢተኛም ዳግመኛ ያንን ሜዳ አይረግጥም።

በዚያ ዘመን ጌንሮኩ የሚባል ጃንጥላ አሽከርካሪ ከሚስቱ ከኦታኪ ጋር በየዓመቱ ይመጣ ነበር፤ እሱ ያሽከረክራል፣ እሷ ከበሮ እየመታች ታስቃለች። ልጅ ስላልነበራቸው የሺራናሚን ልጆች ሲያስቁ የራሳቸውን ያሳቁ ያህል ደስ ይላቸው ነበር ይባላል። ጌንሮኩ አርጅቶ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ኦታኪ ያንን ሜዳ እንዳያጣ ሰግታ፣ ሳትነግረው ኳሱን በቀጭን የሐር ክር ከጃንጥላው ጫፍ ጋር አሰረችው።

እጅ ቢያረጅም ሙያውን አይረሳም፤ ጌንሮኩ ገና አንድ ዙር ሳያዞር ክሩን አወቀ። ሚስቱን ቀና ብሎ አየና «ኦታኪዬ፣ እነዚህን ልጆች አሞኝቼ አላውቅም» ብሎ ክሩን በጠሰው። ኳሱ ጥቂት ዞረ፣ ወደቀ፣ ተንከባለለና ከመንደሩ አለቃ ከሽማግሌው ከኪስኬ እግር ሥር ቆመ።

ሁሉም ወደ ኪስኬ ዞሮ አየ፤ ትርኢተኛ የማባረር ሥልጣን የእሳቸው ነበርና። ኪስኬ ኳሱን አንስተው ሲያገላብጡ ቆዩ።

«እኔ ስንት ቀን ባዶ መረብ ጎትቻለሁ! ከባሕር ያባረረኝ አለ? እንካ፣ ይደገም!» አሉ።

ደገመ፤ አሁንም ወደቀ። ያን ጊዜ ሜዳው ሁሉ «ይደገም!» አለ። በመጨረሻ ኳሱ ሲዞር ኦታኪ ከበሮዋን መምታት ረስታ ታለቅስ ነበር።

በዓመቱ ኦታኪ ብቻዋን መጣች። የባሏን ጃንጥላ ይዛለች፤ እሷ ግን በዕድሜዋ አሽከርክራ አታውቅም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ስትጥልና ስታነሳ ዋለች። ልጆች በአባቶቻቸው ጀርባ ላይ አንቀላፉ እንጂ ሜዳውን ትቶ የሄደ ሰው አልነበረም ይባላል። ተሳክቶላት እንደሆነ ሽማግሌዎቹ አይስማሙም፤ እኔ አልተሳካላትም ከሚሉት ወገን ነኝ።

ዛሬ የሺራናሚ ጀልባዎች ተመናምነዋል፤ ወጣቶቿም ለእንጀራ ብለው ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄደዋል። በበዓሉ ቀን ግን ልጆቻቸውን ይዘው ይመለሱና ከሜዳው ላይ ተቀምጠው ኳሱ እንዲወድቅ በልባቸው ይመኛሉ። በሚኖሩበት ከተማ፣ ለወደቀ ሰው «ይደገም» የሚል የለማ።