ትርንጎና ሆዷን የማታሳየዋ መኪና

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። «የመኪና ጋራዥ» በሉኝና ልቀጥል። አላችሁ? ደግ፤ እንግዲያውስ ጆሯችሁን ወዲህ።

ድሬዳዋ ውስጥ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት ተሳቢ ነድታለች፤ ከወደብ ጭና ወደ መሀል አገር፣ መሀል አገር አራግፋ ወደ ወደብ። ወንዶቹ ሹፌሮች መጀመሪያ ሳቁባት፣ ቀጥሎ ዝም አሉ፣ ኋላ ቁልቁለት ላይ ሲያዩዋት ጥግ ይዘው ያሳልፏት ጀመር። ይህን ስታወራ አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ታድርግ፣ ይገባታል።

ተሳቢውን ካስረከበች በኋላ አንድ ነገር ብቻ አማራት፤ ጤፍም ሲሚንቶም የማትጭን፣ ለደስታዋ ብቻ የምትነዳት መኪና። እንዲህ ያለች መኪና ደግሞ በከተማው አንዲት ብቻ ናት። ከዚራ ሰፈር፣ ጡረታ የወጡት የባቡር ነጂ ጋሽ መርዕድ ግቢ ውስጥ ነጭ አንሶላ ለብሳ ትቀመጣለች። ባለ ሁለት በር፣ ሰማያዊ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው አሮጌ የውድድር መኪና ናት። ጋሽ መርዕድ አገር ለቆ ከሚሄድ ግሪክ ነጋዴ ገዝተው፣ አርባ ዓመት ሙሉ በየእሁዱ አንድ ዙር ነድተዋታል። አሁን ዓይናቸው ደከመና ሊሸጧት ተነሱ።

ትርንጎ መኪናዋን ስታይ ልቧ ቀለጠ። ግን ከዚህ በፊት አንዴ ተሸውዳለች። የምታብረቀርቅ መኪና ገዝታ፣ ለካ ዝገቱ በስቱኮ ተለስኖ ከላዩ ቀለም ተቀብቶ ኖሮ፣ በሦስተኛው ወር የሹፌሩ ወንበር ከነእሷ ወደ መሬት ወረደ። ከተማው እስከ ዛሬ ይስቅባታል። ስለዚህ «ሆዷን ከሥር ሳላይ አልገዛም» አለች። ጊዜ ግን አልነበራትም። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ አንድ የሐረር ነጋዴ ደግሞ ቅዳሜ ቀትር ላይ መጥቶ፣ ምንም ሳያይ፣ በዝናዋ ብቻ ሊወስዳት ቀጠሮ ይዟል። እሱ ከወሰዳት ሌላ እሷን የምትመስል የለችም።

ጋሽ መርዕድ ምርመራ የሚል ቃል ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። እሳቸው የነዱት ባቡር አንድ ቀን አርፍዶ እንደማያውቅ፣ መኪናዋንም በዚያው ደንብ እንደያዟት አስረዷት። የግድ ትመርመር ከተባለ ግን የሚያያት መካኒክ ሚፍታህ ብቻ ነው፤ ሌላ እጅ ብሎኗን አይነካም፤ ሚፍታህ ጋራዡ ጉድጓድ ወርዶ ከሥር ካላያት ቁልፉ ከኪሳቸው አይወጣም። እንግዲህ ጋሽ መርዕድ ቁልፍ አይሰጡም፣ ትርንጎም ሳታይ አትገዛም።

ትርንጎ የሚፍታህ ጋራዥ ወዳለበት ሳቢያን ሰፈር ሄደች። «ጋሽ ሚፍታህ፣ ይውረዱልኝና መኪናዋን ይዩልኝ፤ ጋሽ መርዕድ ቁልፍ አይሰጡም፣ እኔም ሳላይ አልገዛም» አለች። ጋሽ ሚፍታህ ጨርቅ አንስተው እጃቸውን ጠረጉ። ከከተማው መካኒኮች ግማሹ የእሳቸው ተማሪ ነው፤ የቀረው ግማሽ የተማሪያቸው ተማሪ። በክሪክ በተነሳች መኪና ሥር በጀርባቸው ተኝተው አያውቁም፣ ዛሬም አይጀምሩም። ጋራዣቸው ውስጥ በገዛ እጃቸው ቆፍረው በድንጋይ የገነቡት ጉድጓድ አለ፤ መኪና ከላይ ይቆማል፣ እሳቸው ከታች ቆመው ያያሉ። ችግሩ ጉድጓዱ ላይ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተገትሮበታል። ጉድጓዱ ካልተለቀቀ ጋሽ ሚፍታህ አይወርዱም፣ ጋሽ መርዕድ ቁልፍ አይሰጡም፣ ትርንጎም ሳታይ አትገዛም።

ትርንጎ ወደ ቅጥቅጡ ሹፌር ዞረች። «ወንድሜ፣ ቅጥቅጥህን አንሳልኝ፤ ጉድጓዱ አይለቀቅም፣ ጋሽ ሚፍታህ አይወርዱም፣ ጋሽ መርዕድ ቁልፍ አይሰጡም፣ እኔም ሳላይ አልገዛም» አለችው። ሹፌሩ ሳይነሳ በአገጩ ወደ ኋላ ጠቆማት። የቅጥቅጡ አንድ የኋላ ጎማ የለም፤ በቦታው ግንድ ተደግፏል። ሰው ሰብስበን እንግፋው ብትለው ፊቱ ተለወጠ። ይህ ቅጥቅጥ ስንት ሙሽራ ያጀበ፣ ስንት ዳገት የወጣ ነው፤ እንደ ጋሪ አይገፋም። ደግሞም ከግንዱ ከወረደ ጉድጓድ ይገባል፤ በዚህስ እውነቱን ነው። ጎማው ካልመጣ ቅጥቅጡ አይነሳም፣ ጉድጓዱ አይለቀቅም፣ ጋሽ ሚፍታህ አይወርዱም፣ ጋሽ መርዕድ ቁልፍ አይሰጡም፣ ትርንጎም ሳታይ አትገዛም።

ጎማው ያለው ጎማ ጠጋኙ ከድር ዘንድ ነው። ትርንጎ ባጃጅ ይዛ በረረች። «ከድር፣ ጎማውን ሙላልኝ፤ ቅጥቅጡ አይነሳም፣ ጉድጓዱ አይለቀቅም፣ ጋሽ ሚፍታህ አይወርዱም፣ ጋሽ መርዕድ ቁልፍ አይሰጡም፣ እኔም ሳላይ አልገዛም» አለችው። ከድር ጎማውን ጠግኖ ጨርሷል፤ መጠገኑንም እያገላበጠ አሳያት፣ ቀዳዳው የቱ ጋ እንደነበር ፈልጋ እንድታጣ ጋበዛት። ፈልጋ አጣች። ነገር ግን ኮምፕሬሰሩ ድምፁን አጥፍቷል። በእጅ ፓምፕ ሙላው ብትለው ተቀየማት፤ በእጅ የሚሞላ የብስክሌት ጎማ ነው፣ እሱ ደግሞ ብስክሌት ሠሪ አይደለም። ኮምፕሬሰሩ ካልነፋ ጎማው አይሞላም፣ ቅጥቅጡ አይነሳም፣ ጉድጓዱ አይለቀቅም፣ ጋሽ ሚፍታህ አይወርዱም፣ ጋሽ መርዕድ ቁልፍ አይሰጡም፣ ትርንጎም ሳታይ አትገዛም።

እናንተ ብትሆኑ ይሄኔ ተስፋ ቆርጣችሁ ቤታችሁ ገብታችኋል። ትርንጎ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ኮምፕሬሰሩን ከፈተች። ቺንጋው፣ ማለት ሞተሩን ከንፋሱ ፓምፕ ጋር አያይዞ የሚዞረው ቀበቶ፣ ለሁለት ተበጥሶ ወድቋል። አዲሱ ከአዲስ አበባ የሚደርሰው ማክሰኞ ነው። ከቆዳ ሰፍቶ የሚሠራ ሰው የለም ወይ ብላ ጠየቀች። ከድር ራሱን አከከና፣ ድሮ ለጋሪ ፈረስ ዕቃ የሚሰፉ አዴ መይሙና የሚባሉ ሴት ቀፊራ ገበያ አሉ አላት፤ የእሳቸው ስፌት ፈረሱ ይደክማል እንጂ አይበጠስም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ትርንጎ አዴ መይሙና ደጅ ቆመች። በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። «አዴ፣ ቺንጋውን ይስፉልኝ፤ ቺንጋው አይዞርም፣ ኮምፕሬሰሩ አይነፋም፣ ጎማው አይሞላም፣ ቅጥቅጡ አይነሳም፣ ጉድጓዱ አይለቀቅም፣ ጋሽ ሚፍታህ አይወርዱም፣ ጋሽ መርዕድ ቁልፍ አይሰጡም፣ እኔም ሳላይ አልገዛም።»

አዴ መይሙና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና የማን መኪና ናት ብለው ጠየቁ። ነገረቻቸው።

«ያቺ ሰማያዊ መኪና አርባ ዓመት በየእሁዱ በደጄ ታልፋለች» አሉ። «አቧራዋን ከቆዳዬ ላይ ስጠርግ ኖሬአለሁ። ባለቤቷ ግን አንድ ቀን ቆሞ እንዴት ዋልሽ አላለኝም። ሥራዬ ለእሱ መኪና ከሆነ የተፈለገው፣ አቦ፣ እሱ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ።»

አያችሁ ጣጣውን? ጋሽ መርዕድ ካልመጡ አዴ መይሙና አይሰፉም፣ ቺንጋው አይዞርም፣ ኮምፕሬሰሩ አይነፋም፣ ጎማው አይሞላም፣ ቅጥቅጡ አይነሳም፣ ጉድጓዱ አይለቀቅም፣ ጋሽ ሚፍታህ አይወርዱም፣ ጋሽ መርዕድ ቁልፍ አይሰጡም፣ ትርንጎም ሳታይ አትገዛም። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ተመልሶ ጋሽ መርዕድ ኪስ ውስጥ ገባ።

ትርንጎ ከዚራ ተመልሳ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ጋሽ መርዕድ አልሄድም አሉ። ስንቱ ጣቢያ ቆሞ ሲጠብቃቸው የኖሩ ሰው፣ በስተርጅና ቆዳ ሰፊ ደጅ ሊጠኑ ነው? ደግሞ ምን ቸገራቸው፤ የሐረሩ ሰው ነገ መጥቶ ያለ ምንም ጥያቄ ይወስዳታል። ይህን ሲሉ አንሶላውን የመኪናዋ ግንባር ላይ እያስተካከሉ ነበር። ትርንጎ ጨዋታው ያለቀ መሰላት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ግን አላለቀሰችም።

«ጋሼ» አለች፣ «እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በየማለዳው ተሳቢዬ ሥር ሳልገባ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ስለምጠራጠረው አልነበረም፣ ስለምኮራበት ነው። እርስዎስ የሚኮሩባት ከሆነ፣ እዩልኝ ይላሉ እንጂ ለምን አታዩብኝ ይላሉ?»

ጋሽ መርዕድ አንሶላውን ለቀቁ። ከዚያ በቀስታ፣ አርባ ዓመት ከላይ ነዷት እንጂ አንድ ቀን ጎንበስ ብለው ከሥር ምን እንዳላት እንዳላዩ ነገሯት። እኛ ኩራት ስንለው ከቆየነው ግማሹ ለካ ፍርሃት ኖሯል። ምስኪን ሰውዬ፤ እኔ በበኩሌ እዚህ ላይ ስደርስ እወዳቸዋለሁ። ኮታቸውን ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ በእግራቸው ቀፊራ ድረስ ሄዱ።

አዴ መይሙና ደጅ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንዴት ዋሉ» አሉ። «አርባ ዓመት አርፍጄ ነው የመጣሁት።»

አዴ መይሙና ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። ዱካ ሳቡላቸውና ውኃ የጠጣ ቆዳ አንዱን ጫፍ እጃቸው ላይ አኖሩ። ያዙ፣ እንዳይለቁ፣ አሏቸው። የባቡር ነጂው እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የቆዳውን ጫፍ ወጥረው ያዙ፤ አዴ መይሙናም በወስፌ እየበሱ፣ በጅማት እየሰፉ፣ የአርባ ዓመቱን ወሬ ሁሉ ጠየቋቸው።

እነሆ ቅዳሜ ጠዋት ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ተተረተረ። አዴ መይሙና ሰፉ፣ ቺንጋው ዞረ፣ ኮምፕሬሰሩ ነፋ፣ ጎማው ሞላ፣ ቅጥቅጡ ተነሳ፣ ጉድጓዱ ተለቀቀ፣ ጋሽ ሚፍታህ ወረዱ፣ ጋሽ መርዕድ ቁልፍ ሰጡ፣ ትርንጎ መኪናዋን በቀስታ ነድታ ጉድጓዱ ላይ አቆመች፣ ቁልፉን መልሳላቸው ወርዳም አየች።

ጋሽ ሚፍታህ በባትሪ እያበሩ፣ በትንሽ መዶሻ እየቆረቆሩ፣ ከላይ ላሉት ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው ተናገሩ፤ አልደበቁም፣ አላካበዱም። ሞተሩና ካምቢዮው ጠብታ ዘይት አያፈሱም፣ የወጣት ናቸው። የቀኙ ሻንሲ፣ አካሏን የሚሸከመው ብረት፣ ግን መዳፍ የሚያህል ቦታ በዝገት ተበልቷል። የፍሬኑ ቱቦ ደግሞ ሳስቶ ሳስቶ የቀረው ለጥቂት ነው፤ አንድ ቁልቁለት ላይ ጠንከር ተደርጎ ቢረገጥ ፍሬን የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ጋሽ መርዕድ ኮታቸውን ሳያወልቁ ደረጃውን ወረዱና ዝገቱ ላይ እጃቸውን አሳረፉ፤ ከዚያ ቀና ብለው ያንን ንጹሕ ሞተር ከሥር ዞረው ዞረው አዩት።

የሐረሩ ነጋዴ ከዚራ አጥቷቸው ጋራዡ ድረስ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ስለ ዝገቱ ሲነግሩት ግድ የለኝም አለ፤ ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ሊገትራት እንጂ ሊነዳት አልነበረምና፣ ከሥር ምን እንዳለ ማየትም አላስፈለገውም። ከመጣበት ከራሱ መኪና ሳይወርድ እጁን በመስኮት ዘርግቶ ቁልፉን ጠየቀ።

ጋሽ መርዕድ ከጉድጓዱ ወጡ። ኮታቸው ግራሶ ነክቶታል፣ ባርኔጣቸው ተጣሟል፤ እንዲያ ሲኮሩ ግን ማንም አይቷቸው አያውቅም።

«ሆዷን ለማየት ላልጎነበሰ ሰው አልሰጣትም» አሉት። ዞረውም ቁልፉን ትርንጎ እጅ ላይ አኖሩ። «ጉድለቷን አይተሻል። አሁንም ትፈልጊያታለሽ?»

«አሁን ነው የፈለግኳት» አለች ትርንጎ።

ሻንሲውን ጋሽ ሚፍታህ ራሳቸው በየዱ፣ የፍሬኑ ቱቦ በአዲስ ተተካ። ዛሬ ድሬዳዋ ሄዳችሁ ያቺን ሰማያዊ መኪና ማን አስመረመራት ብትሉ፣ ከድር በእኔ ኮምፕሬሰር ነው ይላችኋል፣ የቅጥቅጡ ሹፌር እኔ ቦታ ባልለቅ ኖሮ ይላችኋል፣ ጋሽ ሚፍታህ ጉድጓዳቸውን ያሳዩአችኋል፣ አዴ መይሙና ወስፌያቸውን ያነሳሉ፣ ጋሽ መርዕድ ደግሞ ጫፉን የያዝኩት እኔ ነኝ ይላሉ። ሁሉም እውነታቸውን ነው።

ተረቴ እዚህ ቆመች፤ ሞተሯን አጥፉልኝ፣ ቁልፉን ግን ለትርንጎ መልሱላት።