መሪጌታ ይትባረክና የፈቷት ግስ

አንዱን አበጃለሁ ብሎ ሌላውን ላፈረሰ ሰው በእኛ አገር የሚወረወር አንድ አባባል አለ። ከሜዳ የበቀለ እንዳይመስላችሁ፤ ባለቤት አለው።

መሪጌታ ይትባረክ የቅኔ መምህር ነበሩ። አንድ ክረምት «ፈታ» የምትል ግስ እንቅልፍ ነሳቻቸው። በግእዙ «ፈትሐ» ናት። ታዲያ አንዲት ግስ እንዴት ቋጠሮ መፍታትም፣ ፍርድ መስጠትም ትሆናለች? የጎረቤት ደብር መምህር፣ «ሁለት ናቸው፤ ዝምድናም የላቸው» ብለው ስለሞገቷቸው ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆነ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ትርንጎን የጨነቃት ግን ሌላ ነው። ጣራው ያፈሳል።

«ኧረ መሪጌታ፣ ሣር ይታጨድና ቤቱ ይከደን! ልጆቹ በብርድ አለቁ እኮ።»

«ቆይ፣ ይህችን ግስ ልጨርሳት።»

«እሷ ናት የምታበላዎት?»

መሪጌታ ግሷን ማነብነብ ቀጠሉ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

የቡሄ ዕለት ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ምሥጢሩ ድንገት ወለል አለላቸው። ጠብ ቋጠሮ ነው፤ የሚፈርድ ዳኛም ያንን ቋጠሮ ይፈታል! መሪጌታ ጥምጥማቸው እስኪወድቅ ዘለሉ።

«ፈታኋት! ይኸው በአደባባይ ፈታኋት!»

ሰው ሁሉ ዞሮ ትርንጎን አየ። እሷ የትኛዋን ማለታቸው እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም። ነጠላዋን አጣፋች።

«ሰምታችኋል፤ ምስክሮቼ ናችሁ» አለችና ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ ቤት አቀናች።

መሪጌታ ደነገጡ። የመንደሩን ሽማግሌ፣ አያ ደምለውን፣ ለምነው ላኩባት። አያ ደምለው ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ሳቅም ኀዘንም ነበረ።

«እንቢ አለች። ‹የቃልን ፍቺ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ማን ነኝና የመምህርን ቃል አፈርሳለሁ?› ነው የምትለው።»

«የፈታሁት ግሷን ነው ብለው አልነገሯትም?»

«ነገርኳት። ‹እንግዲያ ግሷ ታብስልላቸው› አለች።»

ይህን ሲነጋገሩ የጎረቤቱ ደብር መምህር ከነተማሪዎቻቸው ደረሱ። የግሷን ምሥጢር ሰምተው ኖሮ እጅ ነሡ። «አምኛለሁ መሪጌታ፤ ግሷ አንድ ናት። ረትተውኛል።»

መሪጌታ ያን ሁሉ ክረምት የጓጉለትን ቃል ሰሙ። ግን ዓይናቸው ትርንጎ የሄደችበት መንገድ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ግራ ገብቶት፣ «ረትተው ሳሉ ምነው አዘኑ?» ቢል፣ አያ ደምለው በትራቸውን ተደግፈው፣ «ምን ያድርጉ ልጄ፣ ግስ ሲፈታ ቤቱ ተፈታ» አሉ።