ጥሩምባው የማን ቤት ይሰቀል?

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑን አትጠይቁኝ፣ ቀጨሞ በምትባል መንደር እማማ ስንዱ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በመንደሩ እሳቸው ያልሠሩት እንስራ፣ እሳቸው ያልሠሩት ድስት አይገኝም። ሰዉ ወጡን በእሳቸው ድስት ሠርቶ፣ ውሃውን በእሳቸው እንስራ ቀድቶ ሲያበቃ፣ እሳቸውን ግን ከደጁ አያሳልፍም። «የሸክላ ሠሪ ዓይን አይበጅም» ይላል። እንግዲህ ዓይናቸው ድስቱን ሳይጎዳ ባለድስቱን እንዴት እንደሚጎዳ እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

የመንደሩ እድር ልማድ ደግሞ እንዲህ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ኮረብታው ላይ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ይነፋና የሟቹን ስም ይጠራል። የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ ያለቅሳል፣ ቃሬዛ ይሸከማል። ለሸክላ ሠሪ ግን ጥሩምባ ተነፍቶ አያውቅም። እነሱ እርስ በርስ ተጠራርተው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ይቀብራሉ።

እማማ ስንዱ ታመው አልጋ ሲይዙ ልጃቸውን አንጓችን ጠሯት።

«አንድ ነገር አምሮኛል።»

«ምን ላምጣልሽ እማዬ?»

«የሚበላ አይደለም። ስሞት ጥሩምባ ይነፋልኝ። እንደ ሰው።»

ወይ ጉድ! አንጓች ግን «እሺ» አለች። ለሚሞት ሰው እምቢ እንዴት ይባላል?

ማግስቱ እሑድ ነበር፤ እድርተኛው ዋርካው ሥር ተሰብስቧል። ሸክላ ሠሪ እዚያ ድርሽ አይልም። አንጓች ጭቃው እጇ ላይ እንደደረቀ መጥታ መሀል ቆመች።

«እናቴ ልትሞት ነው። ጥሩምባ ይነፋላት። በእጇ ሥራ ያልበላ ካለ ይነሳና ይከልክለኝ» አለች።

የተነሳ የለም። እሺ ያለም የለም። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው «ድፍረቷን እዩልኝ!» አለ። የእድሩ ዳኛ ባላምባራስ ይነሱ መሬት መሬት እያዩ፣ «ልማዱን እኛ አላመጣነውም፤ ሂጂ ልጄ» አሏት። ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲያ እንስራዋን የሚገዛት ጠፋ፤ የመንደሩ ሴቶች ወንዝ ተሻግረው ከሌላ መግዛት ጀመሩ።

ዓርብ ጠዋት እማማ ስንዱ አረፉ።

ጥሩምባ ነፊው ቢራራ ይባላል። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ከሟች ስም በቀር በአደባባይ ቃል ተናግሮ የማያውቅ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እሑድ ዕለትም ዋርካው ሥር ነበር፤ ትንፍሽ አላለም። መርዶውን ሲሰማ ግን ማንንም ሳያማክር ጥሩምባውን አንስቶ ኮረብታው ላይ ወጣና ሦስት ጊዜ ነፋ። ስም አልጠራም። ዝም ብሎ ወረደና መንገዱን ያዘ። ሰዉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ «ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?» እያለ ከኋላ ከኋላው ተከተለ። ቢራራ መርቶ መርቶ የሸክላ ሠሪዋ ደጅ ላይ አቆመው።

ያኔ ነገሩ ተገለጠ። «አታለለን!» ተባለ። «ማን አዘዘህ?» ብለው ጥሩምባውን ከእጁ ነጠቁት፤ ሰዉም ፊቱን ወደመጣበት ማዞር ጀመረ። አንጓች በር ላይ ቆማ የሰዉን ጀርባ ታያለች። ምስኪን፣ ምን እንደተሰማት እኔ ልናገረው አልችልም።

ባላምባራስ ይነሱም ተከትለው መጥተው ነበር። እሳቸውም እንደሌላው ዞረው ሁለት ሦስት እርምጃ ተራምደዋል፤ ይህን አልደብቃችሁም። ከዚያ ቆሙ።

«ቁሙ!» አሉ። «እሑድ ይችን ልጅ የመለስኳት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው። እናንተን ፈርቼ። ልማዱን ባናመጣውም ያቆየነው እኛ ነን።»

ኩታቸውን አጣፍተው ገቡና የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዙ። ቆይቶ አንድ ሰው ከኋላ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። እኩሌታው ወደ ቤቱ ሄደ፤ እኩሌታው እማማ ስንዱን በትከሻው ተሸክሞ ቀበረ። ባላምባራስም በሳምንቱ ዳኝነታቸውን ተነጠቁ፤ የገዛ አማቻቸው ደጃቸውን መርገጥ ተወ።

ዓመት አለፈ። ያ ቀን የሰዉን ሆድ ሲበላው ከርሞ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ተጠርተው ዋርካው ሥር ከሰዉ እኩል ተቀመጡ። ያኔ አንዱ ተነሳና፣ «ጥሩምባው ከተነጠቀ ወዲህ ባለቤት የለውም። ለዚህ ቀን ያበቃን ሰው ቤት ይሰቀል፤ እሱ ነው የሚያስነፋው፣ ለማንም እንዳይከለከል የሚጠብቀው» አለ። ሁሉም ተስማማ። ጠቡ የመጣው «ያ ሰው ማነው?» ሲባል ነው።

«አንጓች ናት፤ እሷ አፏን ባትከፍት ማን ያስበው ነበር?» ያሉ አሉ። «ለእናቷ እኮ ነው የተናገረችው! ለእናቱ የማይናገር ማን አለ? ደግሞስ ተናግራ ማን ሰማት?» ተባሉ።

«ቢራራ ነው፤ ስንት ቀን ከማውራት አንድ ጊዜ መንፋት» ያሉ አሉ። «ነፋ እንጂ የሟቿን ስም መጥራት ፈራ። በማታለል የመጣ ሰው መጣ ይባላል?» ተባሉ። ቢራራ ጎንበስ አለ እንጂ አልተከራከረም።

«ባላምባራስ ናቸው፤ እሳቸው ባይናገሩ ሁላችንም ቤታችን ገብተን ነበር፤ ያላቸውን ያጡትም እሳቸው ናቸው» ያሉ አሉ። ለዚህ መልስ የሰጠችው አንጓች ራሷ ናት። ባላምባራስን ትኩር ብላ አየቻቸውና፣ «ያችን ቃል እሑድ ቢናገሯት ኖሮ እናቴ በሕይወቷ ትሰማት ነበር» አለች። ሽማግሌው አለቀሱ።

እማማ ስንዱ ራሳቸው ናቸው የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አታምልጡኝ! ጥሩምባ የሚሰቀለው በሕያው ሰው ቤት ነው። እኔ ስንት ጊዜ አውጥቼ አውርጄው አልቆረጠልኝም፤ አንዷ ስትናገር የሰማት አልነበረም፣ አንዱ ነፋ እንጂ አልተናገረም፣ አንዱ ሲናገር ዘግይቶ ነበር። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ጥሩምባው ለማን ይገባል?